የአንጀት ብግነት ልዩነት በዘር ብቻ አይተረጎምም

ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ከአውሮፓ በፈለሱ አይሁዳውያን ዘንድ ከሌሎች ሕዝቦች በበለጠ እንደሚታይ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የተጓጓዙት ቤተ እስራኤላውያን ግን ሲገቡ በሽታው እምብዛም አልነበረባቸውም። ክሮን የተሰኘው ዓይነት በመካከላቸው መታየት የጀመረው በአዲሱ አገር ለዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ምግባቸውና አካባቢያቸው ነው።

ጉዳዩ ቆጮ ዋነኛ ምግብ ለሆነበት ለካፋ ዞንም ይመለከታል። በቦንጋም ሆነ በየወረዳው፣ ታካሚው ካፊቾም ይሁን ማንጃ፣ ክሮን «የውጭ ሰው በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ተቃራኒው ስህተት ደግሞ የከፋ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው የሳንባ ነቀርሳ አንጀትን ሲያጠቃ ምልክቱ፣ ማለትም የቆየ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ክብደት መቀነስ፣ ከክሮን ጋር ይመሳሰላል። ለክሮን የሚታዘዙት መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያዳክሙ ነቀርሳውን ያባብሱታል።

ሁለቱን ለመለየት በመሣሪያ የታገዘ የአንጀት ውስጥ ምርመራና ናሙና ያስፈልጋል። በመሆኑም ብሔረሰቦችን በአኃዝ ከማነጻጸር በፊት ተቅማጡ ከወር በላይ የቆየበትን ታካሚ ከጤና ጣቢያ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ጅማ የመላክ አሠራር በዞኑ የጤና ዕቅድ ውስጥ ሊካተት ይገባል።