የኮሌጁ በዓልና የዋሂል ማሳ

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ በቀድሞ ስሙ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፥ ከተመሠረተ 70 ዓመት አልፎታል። ይህ በአገራችን ለከፍተኛ ትምህርት ቤት ትልቅ ዕድሜ ነውና በዓል ቢደረግለት ደስ ይለናል። ጥያቄያችን በዓሉ የት ይከበር የሚል ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ጋር በ1944 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት ትምህርቱ በጅማ ተጀመረ፤ የዓለማያውንም ግቢ በጥር ወር 1950 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መረቁት። ለኮሌጁ የተሰጠው አደራ ሦስት ነበር፤ ይኸውም ማስተማር፥ መመራመር፥ የተገኘውንም ዕውቀት ለገበሬው ማድረስ።

ፍሬ አላፈራም የሚል የለም። በ1965 ዓ.ም. ከዚሁ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፥ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2002 ዓ.ም. የዓለምን የምግብ ሽልማት ተቀብለዋል። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ አረም ነው። እኛ ባለንበት በድሬዳዋ ገጠር፥ በዋሂልም፥ የገበሬው ተስፋ ያው ማሽላ ነው፤ ዝናብ ከቀረ ተስፋውም አብሮ ይቀራል። ከሐረማያ እስከዚህ ያለው መንገድ ደግሞ ዳገቱን መውረድ ብቻ ነው።

ገበሬውን ማስተማር በ1955 ዓ.ም. ለእርሻ ሚኒስቴር ተላልፏል፥ ኮሌጁን አይመለከተውም የሚሉን ይኖሩ ይሆናል። ሥራው ተላለፈ እንጂ አደራው አልተላለፈም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ዛሬም የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከተግባሮቹ አንዱ አድርጎ ይቈጥራል።

እኛም የአርትስ ተማሪዎች «ማሽላ ምን አገባን?» ብለን ዳር ልንቆም አይገባም። ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚህ አገር ያለው ገበሬ የሚነጋገረው ግን በኦሮምኛና በሶማልኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው ቋንቋ የተማረ ሰው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከበዓሉ ቀኖች አንዱ በዋሂል ማሳ ላይ ይዋል። ተመራማሪው ዘሩን ይዞ ይምጣ፤ ገበሬው ይጠይቅ፥ ይከራከር፤ እኛ እናስተርጕም፤ መልስ ያላገኘውንም ጥያቄ ጽፈን ለሚቀጥለው ዓመት ምርምር ወደ ሐረማያ እንላክ። ንግግርና ጭብጨባ በአዳራሽ አይጠፋም። ለሰባ ዓመት ጎልማሳ የሚገባው ክብር ግን ገበሬው ከጎተራው ቆሞ «ይህን ከእናንተ አገኘሁ» ሲለው ነው።