መቶ ሰዓት የሚጠይቅ ጌም

የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ቁልቁለቱን የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎና ሸንኮራ የሚወጣበት የይፋት ቆላ መናኸሪያ ናት። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲከር ልጆች ጥላ ፍለጋ ይገባሉ፤ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ ከጥላዎቹ አንዱ ጌም ቤት ነው። በጌም ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው የሚሰማው ጩኸት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኳስ ነው።

ኳስ ጌም ቤቱን የተቆጣጠረው በጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ይመቻል። አንድ ግጥሚያ ቶሎ ያልቃል፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ተራ የሚጠብቀው ጆይስቲኩን ይቀበላል። በዚህ ወረፋ መካከል አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ካርታ ሲያገላብጥ፣ ከመንደር ሽማግሌ ጋር በጽሑፍ ሲነጋገር፣ ከሦስት ጎራዴ አንዱን ሲመርጥ ግማሽ ሰዓት ቢያሳልፍ ከጀርባው ምን እንደሚባል መገመት አያስቸግርም። የሚና ጌም የሚባለው ዓይነት በአገራችን ጌም ቤቶች ሥር ያልሰደደው በዋናነት ለዚህ ይመስላል። በሰዓት የሚከፈልበት ወንበር ላይ መቶ ሰዓት የሚጠይቅ ታሪክ አይቀመጥም።

ለማያውቀው አንባቢ፣ የሚና ጌም ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚኖርበት ጌም ነው። ስም ያወጣለታል፣ ሙያ ይመርጥለታል፣ ከሰው ጋር ያጣላዋል ወይም ያስታርቀዋል፤ ገጸ ባሕርይውም ነጥብ እየሰበሰበ ሌቭሉ ይጨምራል። መነሻው ኮምፒውተር አይደለም። በ1974 (እዚህ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ የሚፈልገውን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አሳተሙ። ከዚያ በ1986 ጃፓኖች ድራገን ክዌስትን ይዘው መጡ፤ የሚና ጌም ከጠረጴዛ ተነስቶ ቴሌቪዥን ላይ ተደላደለ።

የእኛ ልጆችም ከሐሳቡ ጋር በጓሮ በር ተዋውቀዋል። በ2004 የወጣውን ሳን አንድሪያስ የተባለ ጌም ያልነካ የከተማ ወጣት ጥቂት ነው። ዋናው ሰውዬ ሲጄ በርገር ሲያበዛ ይወፍራል፣ ጂም ሲመላለስ ጡንቻ ያወጣል፣ በሮጠ ቁጥር ትንፋሹ ይረዝማል። ይህ ቀጥታ ከሚና ጌም የተወሰደ ነው። ልጆቹ ግን ጂም አይመላለሱም፤ ኮድ አስገብተው ጡንቻውንም መሣሪያውንም በአንድ ጊዜ ያገኛሉ። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ አይፈርድባቸውም። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

በቅድሚያ ብርታቱ። የሚና ጌም ከሌሎቹ የሚበልጠው ውሳኔን ስለሚያስከፍል ነው። ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የተባለው የፖላንድ ድርጅት በ2015 ያወጣው ዊቸር 3 ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ጭራቅ አዳኙ ጌራልት ከአንድ ጥንታዊ ዛፍ ሥር የታሰረ መንፈስ ያገኛል። መንፈሱም ፍታኝ፣ ረግረጉ ውስጥ ጠንቋዮች የያዟቸውን ወላጅ አልባ ሕፃናት አድናለሁ ይላል። ተጫዋቹ ፈታው እንበል፤ ሕፃናቱ ይተርፋሉ፣ ግን አንድ መንደር ይጠፋል፣ የአካባቢው ባሮን ሚስት ትሞታለች፣ ባሮኑም ራሱን ይሰቅላል። አልፈታም ብሎ ገደለው እንበል፤ መንደሩ ይተርፋል፣ ሕፃናቱ ያልቃሉ። ዋጋው የሚታወቀው ውሎ አድሮ ነው፤ ያኔ ተመልሶ ለማስተካከል ረፍዷል። ጌሙም የትኛው ልክ እንደነበር አይነግርም።

ፊልም ቢሆን ተመልካቹ ዳይሬክተሩን ይወቅሳል፤ ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲውን። እዚህ ግን ያደረገው ጆይስቲኩን የያዘው ሰው ራሱ ነው። በሌላ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ይህን ጸጸት ማግኘት ከባድ ነው። ፖላንዶችም የያዙት ነገር ምን እንደሆነ ስለገባቸው ይመስላል፣ በ2011 ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ዶናልድ ቱስክ ለፕሬዚዳንት ኦባማ ከሰጧቸው ስጦታዎች መካከል ዊቸር 2 ነበረበት። መንግሥት ጌምን እንደ አገር ቅርስ ጠቅልሎ ሲሰጥ ማየት ለእኛ ገና እንግዳ ነው።

ድካሙም ከዚያው ጌም ይጀምራል። ጌራልት እንደ ልጁ የሚያያትን ሲሪን እየፈለገ ነው፤ ጨካኝ አሳዳጆች ተረከዟ ላይ ናቸው። ታሪኩ ፍጠን ይላል። ጌሙ ደግሞ መጠጥ ቤት ገብተህ ካርታ ተጫወት፣ የጠፋ መጥበሻ ፈልግ፣ ተኩላ ግደል ይላል። ለሕፃናቱ ያለቀሰው ጀግና በማግስቱ ለነጥብ ሲል ያገኘውን ሁሉ ይጨፈጭፋል፤ የሚገርመው ማንም አያስታውስበትም። ብዙዎቹ የሚና ጌሞች ትልቁን ጥያቄ በቃል ይጠይቁና መልሱን በጎራዴ ያስመልሳሉ። የተደጋጋሚው ግድያ ደመወዝ ቁጥር ነው፤ ሌቭል 12፣ ሌቭል 13፣ ሌቭል 14። ይህ መዝናኛ ከመምሰሉ ይልቅ የቀን ሥራ ይመስላል፣ ያውም የማይከፈልበት። ሳን አንድሪያስ ላይ ኮድ የሚያስገባው ልጅ ነገሩ ገብቶታል።

ጊዜው ቀልድ አይደለም። ድራገን ክዌስት 3 በየካቲት 1988 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የዋለው ረቡዕ ቀን ነበር፤ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ትተው በየሱቁ ደጃፍ ተሰለፉ፣ ፖሊስ ከሰልፍ የለቀማቸውም ብዙ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሱስን እንደ ሕመም አስገብቷል። ጌም የተጫወተ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሕመም የሚባለው ጨዋታው ትምህርቱን፣ ሥራውንና ቤተሰቡን እያስጣለው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ማቆም ሲያቅተው ነው። ለወላጅ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ዊቸር 3ም ሆነ በ2023 ላሪያን የተባለው የቤልጂየም ድርጅት ያወጣው ባልደርስ ጌት 3 በአውሮፓ የጌም ዕድሜ ምደባ ከ18 ዓመት በታች ላለ እንደማይሆኑ ተመድበዋል።

ከጊዜም የባሰ ገንዘብ የሚበላ ዓይነት አለ። በ2020 የወጣው የቻይናው ጌንሺን ኢምፓክት በነጻ ይጫናል፤ የሚወደዱትን ገጸ ባሕርያት ለማግኘት ግን እንደ ሎተሪ ዕጣ እየከፈሉ ማውጣት አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 በዚህ ጉዳይ አከፋፋዩን 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አስማምቶታል፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅም ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕጣውን እንዳይሸጥ ከልክሎታል። ይህን መሰሉ ጌም ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ የሮቢትና የጎረቤቷ የአጣዬ ልጆች ስልክ ላይ በሕይወት የቀረው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የተላላከ፣ ከሞባይል ቤት በሚሞሪ የተጫነ ጌም ብቻ ነበር። የድሮዎቹ የሚና ጌሞች እዚህ ላይ ያሸንፋሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ማንንም አያስፈቅዱም። አዲሶቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ባልደርስ ጌት 3 ብቻውን 150 ጊጋ ባይት ቦታ ይጠይቃል።

ቋንቋው ግን ከሁሉ ይከብዳል። በኳስ ጌም ውስጥ እንግሊዝኛ ባይገባም ጎል ጎል ነው። የሚና ጌም ግን የሚነበብ ነው። በ2019 የወጣው ዲስኮ ኢሊዚየም አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት አሉት። ባልደርስ ጌት 3 በቱርክኛና በዩክሬንኛ፣ ዊቸር 3 በዐረብኛ ይነበባሉ፤ በአማርኛ ግን የሉም። ስለዚህ የእኛ ልጅ ያን ሁሉ የውሳኔ ጭንቅ ዘሎት፣ ንግግሩን በአንድ ቁልፍ እያለፈ፣ ግድያው ላይ ብቻ ይደርሳል። የጌሙ ብርታት እንግሊዝኛ ለገባው ይቀራል፤ ድካሙ ለሁሉም ይደርሳል።

የሚቆጨው ደግሞ ይፋት ራሱ ለሚና ጌም የተሠራ የሚመስል ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው ሱልጣኔት መቀመጫው ይኸው አገር ነበር፤ የዘይላ ንግድ መንገድ በእጁ ነበር። በ1332 ሱልጣን ሰብረዲን ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ተነሱባቸው፤ ተሸነፉና ታሰሩ። ንጉሡ በቦታቸው የሾሙት ወንድማቸውን ጀማለዲንን ነበር። እሳቸውም ውለው አድረው ከንጉሡ ባላንጣዎች ጋር ዶለቱ። ወንድም በወንድም ወንበር ላይ ተቀምጦ ለማን ይታመናል? ግብሩን ለንጉሡ ይላክ ወይስ ቃሉን ለቤተሰቡ ይጠብቅ? ከዚህ የሚበልጥ የምርጫ ታሪክ ፖላንዶቹም የላቸውም። መቼቱንም መፍጠር አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ግዛቪየ ፎቬልና ባልደረቦቻቸው ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያጠኗቸው አስባሪ፣ ኖራና በሪ ይፋት የተባሉ የፈረሱ ከተሞች የድንጋይ መስጊዶች፣ የከተማ ግንቦችና መቃብሮች አሏቸው።

ይሁንና በጥንቃቄ የሚነካ ነገር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ አካባቢው ተኩስ ሳይሰማ የከረመበት ጊዜ አጭር ነው። ክርስቲያኑ በዚህ፣ ሙስሊሙ በዚያ ተሰልፎ ለሌቭል የሚተላለቅበት ጌም ለይፋት ልጅ መሥራት ቢያንስ ማስተዋል ማጣት ነው። አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር ነው። እንዲህ ከሆነ የተሻለው መነሻ ገበያው ነው። የይፋቷ የገበያ ከተማ አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች መድረሻ ነበረች፤ ጨርቅና ቡና ይገበያያሉ፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠራል፣ የባሪያ ንግዱም አለ። ያ የመጨረሻው እንዳለ ይግባ፤ ተጫዋቹ የት እንደሚቆም እንዲወስን።

ገንዘብ የለም የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ነው። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ኦሪዮን የተባለውን የሚና ጌም በ2016 ያወጣው መብራት በሚጠፋበት በያውንዴ ተቀምጦ ነው። በእኛም አገር ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን የአምላጭ ዶሮ ሩጫ ሠርቶ ከአገር ውጭ ተሸልሞበታል። አንድም ሰው ሳይገድሉ መጨረስ የሚቻለውን አንደርቴል በ2015 ያወጣው ቶቢ ፎክስ አብዛኛውን ሥራ የሠራው ብቻውን ነው። ብዙዎችን ያስለቀሰው ቱ ዘ ሙን የተሠራው ማንም ገዝቶ በሚጠቀምበት አርፒጂ ሜከር በተባለ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ሲሆን፣ አራትና አምስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። መቶ ሰዓት የጥራት መለኪያ አይደለም፤ የልማድ ጉዳይ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ከሮቢት ዳገቱን ሲወጡ ነው። በየዓመቱ ተመርቆ የሚወጣ የኮምፒውተር ተማሪ አለ፤ የመመረቂያ ሥራው ብዙ ጊዜ ሌላ የተማሪ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። ከእነሱ ጥቂቶቹ ከታሪክ ክፍሉ ተማሪ ጋር ተቀምጠው የአልዩ አምባን አንድ የገበያ ቀን ይሥሩ። በአማርኛና በአርጎብኛ ይነበብ፣ በርካሽ ስልክ ይከፈት፣ ኢንተርኔት አይጠይቅ፣ መብራት ቢጠፋም የደረሱበት አይጥፋ፣ በሁለት ሰዓት ይለቅ። ሲያልቅም መጀመሪያ ሮቢት ላሉ ልጆች ይስጡት፤ ንግግሩን አንብበው ያልፉ ወይም ዘለው ያልፉ እንደሆነ ከጎናቸው ቁጭ ብለው ይዩ።