ተመልካቹም ይናገር!

በግቢያችን ውስጥ አንድ አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። ይኸውም መድረክና መጋረጃ የሌለው፣ ከአዳራሽ ውጭ የሚታይ፣ ተመልካቹም ገብቶ የሚናገርበት ቴአትር የፈረንጅ ፋሽን ነው፤ የእኛ ሕዝብ ቴአትር የማየትን ሥርዓት ገና ስላልተማረ እንዲህ ያለው ነገር ወደ ሁከት ይለወጣል የሚል ነው። ይህን የሚሉት የማናከብራቸው ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ሰምተን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ከመምህሮቻችንና አብረውን ከሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አፍ ስለምንሰማው መልስ መስጠት ግድ ሆኖብናል።

ባዕዱ የትኛው ነው? አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም ተጋባዡ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል። አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ቀጥሎም የሰውየውን ኮት፣ መላጣውን፣ አብራው የመጣችውን ሴት ሳይቀር በሰምና ወርቅ ይጎሽመዋል። ሰውየው መልስ ካጣ ተረታ፤ ከመለሰ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው የሚያዜሙት የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት አጠያይቀው ነው። ተኝቶ የነበረው ሰው ከአልጋው ሳይወርድ የጨዋታው ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይነቃል! በቡሄ ሰሞን ልጆች በዱላቸው መሬት እየደቁ ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ የቤቱ ባለቤት ወጥቶ ሙልሙሉን ወይም ገንዘቡን እስኪሰጥ ድረስ ጨዋታው አያልቅም። ከሁሉም ይልቅ በላ ልበልሃን እናስታውስ። ከሳሽና ተከሳሽ ውርርድ እየገቡ በምሳሌና በግጥም ሲሟገቱ፣ አላፊ መንገደኛ ሳይቀር ዳኝነት ተጠይቆ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ይህ ሁሉ ቴአትር አይደለም የሚለን ካለ፣ ቴአትር ማለት ትኬት ማለት ነው ብሎ በግልጽ ይንገረን።

እንግዳስ ጨለማው አዳራሽ ነው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ በሆቴል ውስጥ ለመኳንንት ታየ፤ አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ማን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ ቤት በዳዊትና ኦርዮን ሥራውን ሲጀምር፣ ከተሜው በረድፍ ተቀምጦ ማጨብጨብን ለመደ። ይህን ቤት አንንቅም፤ ከዚያ የወጡት ደራሲዎችና ተዋንያን ኩራታችን ናቸው። የምንቃወመው ሥርዓት ማለት ዝምታ ነው የሚለውን ትምህርት ነው። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ሲነበብ ግቢውን ያነቃነቀው የሚያዳምጡት ተማሪዎች ዝም ብለው ስለተቀመጡ ነውን?

እርግጥ ነው፣ ከውጭ የመጣም አለ። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1971 በአገሩ ወታደራዊ መንግሥት ታስሮና ተሠቃይቶ ከተሰደደ በኋላ በ1974 ባሳተመው «የተጨቆኑ ሰዎች ቴአትር» በተባለው መጽሐፉ የሚታወቀውን ዘዴ ተከታዮቹ በብዙ አገር ይሠሩበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ አጭር ጨዋታ ይታያል፤ መጨረሻው ክፉ ነው፤ የተበደለው ተበድሎ ይቀራል። ከዚያ ጨዋታው እንደ ገና ይጀመራል። አሁን ግን ማንም ተመልካች «ቁም!» ብሎ ተነሥቶ የተበዳዩን ቦታ መያዝና የተሻለ የሚለውን መንገድ በገዛ አካሉ መሞከር ይችላል። የበዳዩ ተዋናይ በቀላሉ አይሸነፍለትም። ከመካከል የቆመው አገናኝ ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም። በላ ልበልሃን የሚያውቅ ሰው በዚህ ምን ይደንቀዋል?

በከተማችንም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ ካርሚና ቡራናን በአዲስ አበባ አሳየ። በኋላም የተመረጡ 18 ወጣቶች ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለውን የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር መሠረቱ። እነዚህ ወጣቶች የቦአልን ዘዴ ተምረው ከፖሊሶች ፊት ሳይቀር ተጫውተውበታል። ትናንት በጎዳና በዱላ ሲባረር የነበረ ልጅ፣ ፖሊሱን «አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የሚችልበት ስፍራ ተገኘ። ሕዝባችን አልበሰለም የሚሉን ሰዎች ይህን እንዴት ያዩታል?

ነገር ግን አሳታፊ የሚለውን ቃል ለጥፎ የሚመጣውን ሁሉ አንቀበልም። መፈክር የታተመበት ካናቴራ ለብሰው በሰፈር አደባባይ የሚጫወቱ ቡድኖች አሉ። ትምህርቱ ገና ከቢሮ ሳይወጣ ተወስኗል፤ ተመልካቹ የሚጠራው «ገባችሁ?» ሲባል «አዎን!» እንዲል ብቻ ነው። ይህ ከጨለማው አዳራሽ የባሰ ነው። አዳራሹ ቢያንስ ተናገሩ ብሎ አያታልለንም።

እንግዲህ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ እንመልከት። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶች በየመንገዱ እናገኛቸዋለን። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ተራራው የመዝናኛ ስፍራ ከሆነ ወዲህ ስለ እንጦጦ ብዙ ተነግሯል፤ የእነዚህ እናቶች ቃል ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው የሚሰማው። አሁን አንድ ጨዋታ እናስብ፤ ሦስት ሰዎች ብቻ። እንጨት ለቃሚዋ፣ የደን ጠባቂው፣ እንጨቱን የምትገዛው እንጀራ ጋጋሪ። ጠባቂው ገመዱን ይቀማል፤ ሸክሙ ይወድቃል፤ አለቀ። ይህን በሾላ ገበያ ወይም በፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ ዳር አሳይተን እንደ ገና ብንጀምረው «ቁም!» የሚለው ማን ነው? እንጨት ለቃሚ የነበረች እናት ናት? ደኑ ካለቀ ጎርፉ የእኛን ቤት ነው የሚወስደው የሚል የቀበና ነዋሪ ነው? ምናልባትም ጠባቂው ራሱ ተነሥቶ ስለ ደመወዙ ይናገር ይሆናል። የበዳዩን ቦታ መያዝ በቦአል ደንብ አይፈቀድም ይሉን ይሆናል፤ በየካ ይፈቀድ! እኛ ደራሲዎቹ መጨረሻውን አናውቅም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ጥበቡ ይረክሳል የሚሉ ወገኖች አሉ። ያልተዘጋጀ ተዋናይ በመንገድ ዳርም ሆነ በመድረክ ያሰለቻል፤ በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን በቃል የተጠናውን መናገርና ያልተጠበቀ መልስ ሲመጣ ከገጸ ባሕርይው ሳይወጡ መመለስ፣ ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል? ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ የምንማረው እስከ መቼ ነው? የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር የነበረው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ልማት ፈርሷል፤ መልስ መስጠትን የሚያስተምሩን ቤቶች እያነሱ ሲሄዱ እኛ ደግሞ በአዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥን እናስተምራለን።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን፣ በየዓመቱ ከምናዘጋጃቸው ትርዒቶች አንዱ ብቻ ከአዳራሽ ወጥቶ ይታይ፤ ነጥባችንም ተመልካቹ በተናገረው ላይ ባደረግነው ነገር ይመዘን። መብራት አንፈልግም፤ ወንበር አንፈልግም። የሾላንና የፈረንሳይን የታክሲ ሒሳብ እኛ እንችላለን።