«ዘሩን አናውቀውም» ያልኩት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ለ30 ዓመት የሸሸሁትን ነገር ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ተሰደን በ1985 ዓ.ም. ዋልዳ ካምፕ ነበርን። አባታችን ሞቷል፤ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። አንድ የአካባቢው የቦረና ልጅ እህቴን ፈልጎ በእኛው ወግ ሽማግሌ ላከ። የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝና እየሰማሁ ያደግኩትን መለስኩ፦ «ዘሩን አናውቀውም።» እህቴ አላለቀሰችም። ጀሪካኗን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ካምፑ ሲዘጋ ወደ ካኩማ ተጫንን፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ቆይቼ የቦረናን ወግ ስረዳ አፈርኩ። ቦረና ሳቦና ጎና ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ የሳቦ ልጅ ሚስቱን የሚያመጣው ከጎና ነው። እኛስ ሰባት ቤት ቆጥረን አይደል የምንጋባው? የሁለታችንም አባቶች «ራቅ ብለህ አግባ» ብለዋል። ባዕድን ዘመድ የሚያደርግ ወግ ይዘን ባዕድን እንፈራለን።

የገጠር ወላጅን ስጋት ግን አልንቅም። መሬቱ ለማን ይቀራል? ልጆቹ በማን ቋንቋ ያወራሉ? ጠብ ሲነሳ ልጄ ከማን ጋር ትሆናለች? ሐምሌ 2004 ሞያሌ ላይ ቦረናና ገሪ ሲጋጩ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ወደ ኬንያ ሸሽቷል። እንዲህ ባለ ቀን እናቱ ከአንዱ፣ አባቱ ከሌላው የሆነ ልጅ ወዴት ይሽሽ? ጥያቄው እውነተኛ ነው። ጋብቻ መከልከል ግን መልስ አይሆንም። በጠብ ቀን በሁለቱም ደጅ ገብቶ «ተው» የሚለው አማች ነው። አማች ከሌለ ማን ይገባል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ዕድሜያቸው የደረሰ ወንድና ሴት በዘር፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት ሳይለዩ የመጋባት መብት አላቸው ይላል። ሽማግሌ ሲመጣ በር የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው ግን አንቀጽ አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ ታላቅ ወንድም ነው።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለች። «ጋሼ፣ የማገባው ልጅ ከእኛ ብሔር አይደለም። እማዬ አጎትሽን ጠይቂ አለችኝ።»

«ሽማግሌ ይላክ፤ ቡና አስፈልቼ እጠብቃለሁ» አልኳት። ከዚያ ለእህቴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ዝም ብላ ቆይታ «አሁን ገና?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

እናንተ ቤት ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው? የልጁ ጠባይ ወይስ ዘሩ?