ላይገርን የምናስወልደው እኛ ነን

ባለፈው ማታ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ቪዲዮ አስቆመኝ። አንበሳ የሚመስል፣ ግን ገላው ላይ ደብዘዝ ያለ መስመር ያለው ግዙፍ እንስሳ አጠገቡ የቆመውን ሰው ሕፃን አስመስሎታል። ሳላስብ ላይክ አድርጌ ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። «ጉድ እኮ ነው!»

እንስሳው ላይገር ይባላል። አባቱ አንበሳ፣ እናቱ ታይገር ናት። ታይገር ስል ባለመስመሩን የእስያ እንስሳ ነው፤ የእኛ አገር ነብር ባለነጠብጣብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያደገው ሄርኩለስ የተባለ ላይገር 418 ኪሎ መዝኖ ጊነስ ላይ ተመዝግቧል። ወንድ አንበሳ ከ250 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ አለ፦ የአንበሳ አባት ጂን እድገትን ይገፋል፣ የአንበሳ እናት ጂን ደግሞ ፍሬን ይይዛል። ታይገር እናት ጋ ያ ፍሬን የለም።

ማዳቀል ለእኛ ብርቅ አይደለም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እያልን ነው ያደግነው። በቅሎ ግን ሥራ አላት፤ መኪና የማይደርስበትን ዳገት ጭነት ይዛ ትወጣለች። የላይገር ሥራ ምንድን ነው? መታየት። በቃ።

«ዝርያ ለማትረፍ ነው» የሚሉ አሉ። የትኛውን ዝርያ? ላይገር የዱር መኖሪያ የለውም። ወንዱ መካን ነው። ሴቷ አልፎ አልፎ ብትወልድም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሩሲያ ኖቮሲቢርስክ እንደታየው፣ የምትወልደው ሌላ ድቅል ነው። ዱር ውስጥ የቀረው ታይገር ደግሞ ከ6 ሺህ እንደማይበልጥ ይገመታል። ኢኮኖሚክስ ስማር ቶሎ የገባኝ ነገር ኦፖርቹኒቲ ኮስት ነው፦ አንዱን ስትመርጥ የምታጣው ሌላው። ለላይገር የሚወጣው ሥጋ፣ ቦታና ገንዘብ ለእነዚያ ታይገሮች አልዋለም ማለት ነው።

«ታዲያ ማየት ምን ይጎዳል? አንዴ ተወልዷል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ የተወለደው እንክብካቤ ይገባዋል። የሚቀጥለውን የሚያስወልደው ግን ገበያው ነው፤ ገበያው ደግሞ ትኬትና ቪው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች ትልልቅ የድመት ዘር አራዊትን፣ ድቅሎቹንም ጨምሮ፣ እንዳይዙና ሕዝብ እንዳይነካቸው ከልክላለች። ሕጉ አቅራቢውን ይይዛል። ፈላጊው ግን እኔና እናንተ ነን፣ አገር አይወስነንም።

እኛም ቤት የሚታይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የስድስት ኪሎ ባለጥቁር ጎፈር አንበሶች ከተነጻጸሩባቸው ሌሎች አንበሶች በዘረመል የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ማንም ያላዳቀላቸው፣ የራሳችን ጉድ! እነሱን ስንቶቻችን ሼር አድርገናል?

እኔ ግሩፑ ላይ የለቀቅኩትን ቪዲዮ አጥፍቼዋለሁ። «ምነው?» ላሉኝ ይህን ጽሑፍ እልክላቸዋለሁ።