«መጀመሪያ ጥቁር አዝሙዱን ሞክር» እያልን እስከ መቼ?



በአንድ ረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ኢዕቲካፍ አብረን ገብተን ነበር። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን ሲያንኮራፋ መስጂዱ በሙሉ ይሰማዋል። ሳቅንበት። ፍራሻችንን እየጎተትን ራቅንለት። «ጀነሬተር» የሚል ስምም አወጣንለት። አጠገቡ የሚተኛው ወጣት ግን በሁለተኛው ቀን እንዲህ አለን፦ «ማንኮራፋቱስ ይሁን። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው። ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ እስኪመለስለት እኔም አልተነፍስም።»

ከዚያ ምን አደረግን? እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሐኪም ሆንን። አንዱ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ማታ ማታ አፍንጫው ውስጥ ጠብ እንዲያደርግ፣ ሌላው ማር በሙቅ ውሃ በጥብጦ እንዲጠጣ፣ ሦስተኛው በባሕር ዛፍ ቅጠል እንዲታጠን መከሩት። «ሐኪም ቢያየውስ?» ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱንም «መጀመሪያ የቤቱን ይሞክር እንጂ!» ብለን ዝም አሰኘነው። ወንድማችን ወራት ሞከረ። በመጨረሻ ሆስፒታል የገባው ሰዎች ተሸክመውት ነው፤ ስትሮክ። ደም ግፊት እንዳለበት ያወቀውም ያን ቀን ነው። ዛሬ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለ፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝለትም። ለዚህ ያበቃው ማንኮራፋቱ ብቻ ነው አንልም። እነዚያን ወራት ያባከንበት ግን እኛ ነን።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጥቁር አዝሙድን ለመቃወም የተጻፈ አይደለም። የምንቃወመው «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል ነው።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻዎች ይላላሉ። አየር በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ለስላሳውን ሥጋ ያርገበግበዋል፤ ማንኮራፋት የምንለው ይህን ድምፅ ነው። ጉንፋን ሲይዘን፣ ሲደክመን ወይም በጀርባችን ስንተኛ ብቻ የሚመጣው ለብዙ ሰው አጠገቡ የሚተኛውን ከመረበሽ አያልፍም። ሌላ ዓይነት ግን አለ። የአየሩ መንገድ ጭራሽ ይዘጋል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም፤ 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ይደነግጥና ይቀሰቅሰዋል፤ ሰውየው አየሩን በኃይል ስቦ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። ይህ ሕመም ስሊፕ አፕኒያ ይባላል።

ሐኪሞች ትንፋሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም በጣም እንደሚያንስ ይቆጥራሉ። 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው። ሱብሃነላህ! ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ መታፈን ማለት እኮ ነው። ይህን የተሸከመ ልብና የደም ሥር ውሎ አድሮ ዋጋ ይከፍላል፦ የደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክ። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ የዓለም ሰዎች ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል።

አሁን እንጠይቅ፤ አፍንጫ ውስጥ የሚንጠባጠብ ዘይት እንቅልፍ ላይ የሚዘጋን ጉሮሮ በምን ይከፍታል? አይከፍትም። እንዲያውም ተኝቶ ዘይት አፍንጫ ውስጥ ማድረግ ዘይቱ ወደ ሳንባ ወርዶ ሌላ ሕመም እንዲያመጣ በር ይከፍታል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት የታፈነ አፍንጫን ቀለል ያደርግ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም። ማሩን ደግሞ የስኳር በሽታ ላለበት ሰው የሚያዝ ሰው ቆም ብሎ ያስብ። ሰሞኑን በስልክ የሚዘዋወረው አፍን በፕላስተር አሽጎ መተኛትማ አፍንጫው ለታፈነ ሰው አደጋ ነው።

ከቤት ውስጥ የሚጠቅም ነገር የለም ወይ? አለ። በጎን መተኛት ይረዳል፤ በቀኝ ጎን መተኛት ደግሞ ሱናችን ነው። ክብደት መቀነስ ይረዳል፤ ሲጋራ መተው ይረዳል። እነዚህን ሐኪሞችም ይመክራሉ። ነገር ግን ትንፋሹ የሚቆም ሰው እነዚህን የሚያደርገው ከምርመራው ጎን ለጎን ነው እንጂ በምርመራው ፈንታ አይደለም።

«ስለ ጥቁር አዝሙድ የመጣውን ሐዲስ ልትክዱ ነው?» የሚለን ይኖራል። አዑዙ ቢላህ! ከሐዲሱ ጋር ምንም ፀብ የለንም። ፀባችን ሐዲሱን ሐኪም ላለማየት ሰበብ ካደረገው ሰው ጋር ነው። መታከምን ያዘዙን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አይደሉም እንዴ? እሳቸው ራሳቸው ሒጃማ ሲያደርጉ ሥራውን የሚያውቀውን አቡ ጠይባን አስጠርተው፣ ዋጋውንም ከፍለው ነው። ባለሙያ ዘንድ መሄድ ተወኩልን አያጎድልም።

ከዚህ የባሰም አለ። ሌሊት ታፍኖ የሚባንነውን «ዱካክ ነው»፣ «ጂን ነው» ብለን በሩቃ ብቻ እናመላልሰዋለን። ሩቃው ይቀራ፤ ጉሮሮውም ይታይ። ለሱብሒ መነሳት ያቃተውን፣ ኹጥባ ላይ የሚያንቀላፋውን «ኢማኑ ደክሟል» እንለዋለን። ስንፍና የለም አንልም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያደረ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶም ያልተኛ ያህል እንደሚነሳ እንወቅ። ከመፍረዳችን በፊት ሚስቱን እንጠይቅ።

ነገሩ የራሱ ጉዳይ ነው እንዳንል ደግሞ መንገዱ አለ። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ፣ በከተማ ሚኒባስ የሚይዝ፣ በአሜሪካ ሌሊት ታክሲ ወይም ትራክ የሚያሽከረክር ወንድማችን ስንት ነው? ቀን ቀን የሚጫነውን እንቅልፍ በጫትና በቡና ይገፋዋል። ጫቱ ሕመሙን አያድነውም፤ ይሸፍንለታል እንጂ። በአሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌሮች የጤና ቅጽ ስለ ከፍተኛ ማንኮራፋትና ስለ ትንፋሽ መቋረጥ በግልጽ ይጠይቃል። «ፈቃዴን ይቀሙኛል» ብሎ «የለብኝም» የሚል ወንድም በመሪ ላይ አንዲት ደቂቃ ቢያሸልብ የተሳፋሪው ነፍስ በማን አንገት ላይ ነው? ነፍስ አማና ነች።

«ምርመራው ውድ ነው፤ በየቦታውም አይገኝም» የሚለው ግን እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ አናጣጥለውም። በአገራችን የእንቅልፍ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የለም። በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው፣ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው ሲፓፕ የተባለ መሣሪያም ርካሽ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋም ችግር ነው። ግን ሁሉም ሰው መሣሪያ አይታዘዝለትም። መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ የአፍ መሣሪያ የሚበቃው አለ፤ በተለይ ለልጆች ብዙ ጊዜ መፍትሔው ያበጠን ቶንሲል ማውጣት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ደግሞ ውድ አይደለም፦ ደም ግፊትን መለካት፣ የውስጥ ደዌ ወይም ከአንገት በላይ ሐኪም ማየት። በየወሩ ለተለያየ ዘይትና ቅመም የምናወጣው ገንዘብ ለዚህ ሳይበቃ አይቀርም።

ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች እንያዝ፦ በየሌሊቱ የሚሰማ ከባድ ማንኮራፋት፣ በመሃል ትንፋሽ መቆም፣ ታፍኖ መባነን፣ ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን የማይገፋ እንቅልፍ፣ መድኃኒት እየተወሰደ የማይወርድ ደም ግፊት። ትንፋሹ ሲቆም የታየ ሰው አንድ ሳምንት እንኳ «ሙከራ» አይገባውም።

እህቶቻችን ሆይ! ምስክሮቹ እናንተ ናችሁ። ተኝቶ ያለን ሰው ራሱ አይሰማም። ባለቤትሽ «እኔ አላንኮራፋም» ቢልሽ በስልክሽ ቀድተሽ ለእሱና ለሐኪሙ ብቻ አሰሚ፤ ለጎረቤት መሳቂያ አታድርጊው። እናንተ ራሳችሁም የምታንኮራፉ ካላችሁ በኀፍረት አትደብቁት፤ ሕመሙ ሴትንም ይይዛል። ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ደግሞ ማንኮራፋቱን ለሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ይንገር።

በየገጹ «ማንኮራፋትን በሦስት ቀን የሚያጠፋ» እያላችሁ ዘይት የምትሸጡ ወንድሞችም አላህን ፍሩ። የምትሸጡለት ሰው ትንፋሹ ይቆም አይቁም ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኛም ከራሳችን እንጀምር። በዚያ መስጂድ የሳቅነው፣ የመከርነው፣ ያዘገየነው እኛ ነን። በቀጣዩ ኢዕቲካፍ አጠገባችን የተኛ ወንድም ትንፋሹ ሲቆም ከሰማን ፍራሻችንን አንጎትትም። ሱብሒ ሰግደን በለሆሳስ እንነግረዋለን፤ ካስፈለገም ሐኪም ዘንድ አብረነው እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይስጥልን።