አዲስ ቶርኖ ይገዛልን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የግዥ መጠየቂያ ላይ ፈርሜአለሁ። በማስተምርበት የትምህርት ክፍል ወርክሾፕ ያለችው ትንሽ ቶርኖ «አርጅታለችና አዲስ ይገዛልን» የሚል ነበር። አብረውኝ የፈረሙት ሁለት ባልደረቦቼም እንደ እኔው ዶክተሮች ናቸው። ስለዚያ ፊርማ ዛሬ መጻፌ ኑዛዜ አምሮኝ አይደለም፤ ለግዥ ያለንን ፍቅርና ለጥገና ያለንን ንቀት ከዚያች ማሽን አብልጦ የሚያሳይ ምሳሌ አጥቼ ነው።

ለመሆኑ የቶርኖዋ ሕመም ምን ነበር? ቀጥ ያለ ዘንግ እንድታወጣ ስናዝዛት ሾጠጥ ያለ ትሰጠናለች። በ10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ በአንዱና በሌላው ጫፍ መካከል የ0.05 ሚሊ ሜትር የውፍረት ልዩነት ይታያል። «ይህማ የአንድ ፀጉር ያህል ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ ግን ኩሽኔታ ውስጥ የሚገባ ዘንግ በፀጉር ያህል ከተሳሳተ ወይ አይገባም፣ ወይ ይላወሳል። በዚያ ላይ ስትቆርጥ ትንቀጠቀጣለች፤ የብረቱ ገጽ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ስለቱን ለወጥን፤ ፍጥነቱን ቀነስን፤ በመጨረሻም «ኩሽኔታዋ አልቋል» ብለን ፈረድን። ኩሽኔታውን ግን ማናችንም አልለካንም።

የወርክሾፑ ቴክኒሻን የኮሚቴው አባል አልነበረም። ወሬውን ሰምቶ ቢሮዬ መጣና «ዶክተር፣ ወረቀቱ ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ስጡኝ» አለኝ።

ወፍራም ዘንግ አሰረና ሌላውን ጫፍ ሳያስደግፍ መካከሉን በላው፤ በሁለቱ ዳር ቀለበት የመሰለ ወፍራም ቦታ ተወ። የስለቱን ጥልቀት ሳይነካ ሁለቱን ቀለበቶች በስሱ ላጣቸውና በማይክሮ ሜትር ለካቸው። ልዩነቱ እዚያው ነበር። ቀጥሎ በአንድ ሜትር የ0.02 ሚሊ ሜትር ዝንባሌ የሚያሳይ የማሽን ውሃ ልክ አወጣ፤ የግንበኛው ውሃ ልክ ለዚህ ዕውር ነው። በቶርኖዋ አልጋ ላይ አግድም ሲያስቀምጠው በአንዱ ጫፍ አረፋው መካከል ቆመ፤ በሌላው ጫፍ ሸሸ። አልጋው ተጣሞ ነበር። ባለፈው ዓመት ወለሉ ሲታደስ ማሽኗ ተነሥታ ተመልሳለች፤ አንደኛው እግሯ ሥርም የታጠፈ ካርቶን ተወትፎ ብሎኑ በላዩ ጠብቋል።

ካርቶኑን አወጣ፤ በምትኩ ስስ ቆርቆሮ እየጨመረና እየቀነሰ አረፋውን በሁለቱም ጫፍ አስማማ። ማታ ላይ ልዩነቱ ከ0.01 በታች ወረደ። ንቅጥቅጡም ከኩሽኔታው አልነበረም። ስለት ያዡ የሚንሸራተትበት ክፍል ማጥበቂያ ላልቶ ነበር፤ ከሥሩም የብረት ፍቅፋቂ ሞልቷል። ተማሪዎች ማሽኑን በኮምፕሬሰር አየር እንዲያጸዱ የፈቀድን እኛው ነን። አየሩ ፍቅፋቂውን አያስወጣም፤ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። አንድ ብሩሽ በበቃ ነበር። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ደግሞ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ መሞረጃ ይሆንና አልጋውን ይበላዋል።

እርግጥ ነው፣ የሚሞት ማሽንም አለ። አልጋው ራሱ ካለቀ ቆርቆሮ አያድነውም። ነገር ግን ቶርኖ በካፒታል በጀት ይገዛል፤ ብሩሽና ዘይት ከመደበኛው በጀት ይለመናሉ። ቶርኖ ሪባን ይቆረጥለታል። ዘይት ለማጠጣት ካሜራ ተጠርቶ ያውቃል?

አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። እኛ የተማርነው ባለ እጁን አንሰድበውም፤ ኮሚቴ ውስጥ አናስገባውም እንጂ። ያን ዕለት ማታ ልዩነቱን ሲያሳየኝ ያፈርኩት በካርቶኑ አልነበረም፤ ከፊርማዬ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ስላልጠየቅሁት ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን ላስመልስ ሄድኩ። ተመዝግቦ ወደ ላይ አልፏል ተባልኩ።

አዲሷ ቶርኖ ከሁለት ዓመት በኋላ ደረሰች። ቴክኒሻኑ ወደ አንድ የግል ቶርኖ ቤት ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ሪባኑ ተቆርጦ እንግዶቹ ሲበተኑ ውሃ ልኩን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋው ወደ ግራ ሸሸ። መፍቻው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ግን እሱ ነበር።